የሙሴ ብሩኖ ሐዘንተኞች

ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ሦስት ፈረንጆች በብስክሌት መጡ። ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው፣ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፉ ናቸው። ሁለቱ ወንዶች፣ አንዷ ሴት። የለበሱት ልብስ ገላ ላይ የተጣበቀ ዓይነት ስለሆነ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝና ስፌቱ በየት በኩል እንዳለፈ ሳፈላልግ ዓይኔን መሰብሰብ አቃተኝ። ሽማግሌ ደግሞ ምን ያፍራል? በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ከየት ናችሁ አልኳቸው። ልጅቱ ቀና ብላ “ከአውሮፓ” አለችኝ። አገራችሁን ነው እንጂ አልኳት። ሣቀችና እሷ የፖላንድ ልጅ እንደሆነች፣ አንደኛው ጣሊያን፣ ሌላኛው ፖርቱጋል እንደሆነ ነገረችኝ፤ መልሳ ግን ያው ሁላችንም የአውሮፓ ልጆች ነን አለች። ሻይ ቀረበ። እሷ በሎሚ አለች፣ አንዱ በወተት አለ፣ አንዱ ጭራሽ ሻይ አልወድም ብሎ ቡና አዘዘ። በሻይ ያልተስማሙ ሰዎች በአገር ስም እንዴት ተስማሙ ብዬ እየተገረምኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የድሮዎቹ ፈረንጆቻችን ሙሴ ያኒና ሙሴ ብሩኖ ከፊቴ አልጠፉም።

እኔ ጎልማሳ ሳለሁ ፈረንጅን ከየት ነህ ብትለው የሚነግርህ አገሩን ብቻ ነበር። ከሌላው ጋር ያምታታኸው እንደሆነ ፊቱ ይጠቁራል። እኛ ግን ማምታታታችንን አልተውንም። ለሁሉም አንድ ስም ነበረን፤ ፈረንጅ። ጸጉሩ ቢቀላም ቢጠቁርም፣ ጾም ቢያውቅም ባያውቅም፣ የአንድ ቤት ልጆች አድርገን ነበር የምናያቸው። የሕንድ አስተማሪዎቹን እንኳ አንዳንዱ ሰው ከዚያው ቤት ሊጨምራቸው ይቃጣው ነበር፤ ኋላ ቃሪያ ሲበሉ ታዩና ተተዉ።

የስፌት መኪናዬ የተተከለችው በሙሴ ያኒ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር፤ ዛሬ ባንክ ከቆመበት ማዕዘን። ያኔ ማዕዘኑ ላይ የነበረው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ በሩ ሰማያዊ የተቀባ ሰፊ ቤት ነው። ያን ጊዜ የፈረንጅ ወንድ ሁሉ “ሙሴ” ይባል ነበር። ሙሴ ያኒ ግሪክ ነው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ሁልጊዜ ጥቁር ሰደርያ የሚለብስ፣ እርሳስ ከጆሮው ላይ የማይጠፋ። በረንዳውን በነጻ ሰጥቶኛል፤ እኔ በምትኩ የሱን ልብስ እሰፋለታለሁ። አንቱ ስለው ከኋላዬ ማን ቆሟል ብሎ ይዞር ስለነበር አንተ ማለት ለመድኩ። ከአማኑኤል ገጠር የመጣው ገበሬ ካኪውን ከሱ ይገዛና እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቁምጣውን እስክጨርስለት ይጠብቀኛል። መስፊያው አንድ ሽልንግ፣ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ስሙኒ የያዘ ሰው ሻይ ከነዳቦው ጠጥቶ መልስ ይቀበላል። ይህን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው እንደ ተረት ይሰሙኛል፤ የሚያስቁኝ ደግሞ እነሱው ናቸው፤ ጉልበቱ ላይ ሆን ተብሎ የተቀደደ ሱሪ በውድ ዋጋ ይገዛሉ። በኔ ጊዜ ያንን ይዞ የሚመጣ ሰው እንድጥፍለት ነበር የሚመጣው።

ሱቁ ውስጥ ያልነበረ ነገር የለም። ላምባ፣ ሳሙና፣ ሰርዲን፣ ሚስማር፣ የፋኖስ ብርጭቆ፤ ከመደርደሪያው ላይ አቡጀዲው፣ ቴትሮኑ፣ ካኪው በጣቃ በጣቃ ተደርድሮ። ገና ስትገባ የላምባና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ተቀላቅሎ ይቀበልሃል። ከባንኮኒው ጫፍ ትልቅ ሬዲዮ ነበረች፤ ቀን ቀን እኔ የማልሰማውን ቋንቋ ታንጎራጉራለች፣ የምርጫ ዘፈን በሚሰጥበት ቀን ግን ሙሴ ያኒ ድምጿን ከፍ ያደርግልንና መንገደኛው ሁሉ በረንዳው ሥር ይሰበሰባል። ወጣት መምህራን ያን ሰሞን ከታች እየሰፋ የሚሄድ ሱሪ ጀምረው ነበር። መሬት የሚጠርግ ካልሆነ አይወዱትም። መኪናዬን እየረገጥኩ፣ ዘፈኑን እየሰማሁ፣ የከተማውን ጭቃ ሁሉ በሱሪያቸው ይዘውት ሊሄዱ ነው እል ነበር።

ሙሴ ብሩኖ ደግሞ ጣሊያን ነው። ወታደር ሆኖ መጥቶ፣ አገሩ ተሸንፎ ሲወጣ እዚሁ የቀረ። ጋራዡ ወደ ወንዙ መውረጃ ላይ ነበር። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም፤ ዘመዶቹ ብረቶቹ ናቸው ይባል ነበር። የከተማውን ወፍጮ ሁሉ የሚያድን እሱ ነው። እስከ ቁይ ድረስ በቅሎ ተልኮለት ሄዶ፣ ሦስት ቀን እህሉ ሳይፈጭ የተቸገረውን ሕዝብ ገላግሎ ይመጣል። ረጅም ነው፣ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፣ ሰማያዊ ቱታው ላይ እኔ የጣፍኩት መጣፊያ ከራሱ ከቱታው ይበልጣል። የሰፈራችን እድር አባል ነበር። ሰው ሲሞት አካፋውን ይዞ ይመጣል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ከዚያ ቆቡን አውልቆ ድንኳን ውስጥ ከጥግ ይቀመጣል። ቃል አይወጣውም፤ ግን አይቀርም።

ሙሴ ያኒም የእድሩ አባል ነው። ሁለቱ ግን አይነጋገሩም። ብሩኖ ድንኳኑ ውስጥ በቀኝ ከተቀመጠ ያኒ በግራ ይሄዳል። ብሩኖ ሚስማር ሲፈልግ ሰው ይልካል እንጂ ሱቁ ደርሶ አያውቅም። ከተማው ይህን አይቶ የራሱን ፍርድ ሰጠ፤ ወንድማማቾች በርስት ተጣልተዋል አለ። ጎጃሜ ሌላ ምን ይጠርጥር? ወንድም ከወንድም የሚጣላበትን ምክንያት ከርስት ሌላ አናውቅም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ሽማግሎች ተሰባስበው ሊያስታርቋቸው ሄደው፣ መሬቱ በየትኛው በኩል እንደሆነና አባታቸው ሳይናዘዝ ሞቶ እንደሆነ ሙሴ ያኒን ሲጠይቁት፣ ሰውየው በንዴት ሣቀና ስኳር ሰጥቶ ሸኛቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም ከርስቱ ወሬ የራቅሁ አልነበርኩም።

በአንዱ ዓመት መስከረም ላይ ሙሴ ብሩኖ ሞተ። ክረምቱን ሙሉ ሲያስለው ሰንብቶ ነበር፤ ከሆስፒታል ወጥቶ ጋራዡ ውስጥ እንደተኛ ነው ያለፈው። እድሩ ጥሩምባ አስነፋ፣ ድንኳን ከጋራዡ ደጃፍ ተተከለ፣ ጉድጓዱ ተቆፈረ። ካህናቱም፣ ሃይማኖቱ ከእኛ ባይሆንም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ከጽድ ዛፉ ሥር ቦታ ፈቀዱ። ሁሉ ነገር ተሰናዳ፤ አንድ ነገር ግን ጎደለ። ለቅሶ ስትደርስ ሄደህ “እግዚአብሔር ያጥናህ” የምትለው ሰው አለ፤ ባለ ሐዘኑ። ከፊት ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሰው እየመጣ ይሰግድለታል። በእድራችን ደንብ ባለ ሐዘን ሳይቀመጥ አስከሬን አይነሳም። ያ ምንጣፍ ባዶውን ነበር። ወፍጮ የጠገነላቸው ሰዎች፣ መኪና ያሠሩት ሾፌሮች፣ ከየገጠሩ የሰሙት ሁሉ መጥተው ወደየት እንደሚሰግዱ አጥተው ቆሙ።

ያን ጊዜ ነው አንዱ ወንድሙ ያኒ አለ አይደል ወይ ያለው። ሰዉ ወዲያው ተነሥቶ ወደ እኛ መጣ። እኔ ሱሪ እየተኮስኩ ነበር። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው የለበሱ ሰዎች ሱቁ በር ላይ ተሰለፉና አንድ በአንድ እየገቡ እግዚአብሔር ያጥናህ፣ ወንድምህን ነፍሱን ይማርልህ አሉት። ሙሴ ያኒ ለአንዲት ሴትዮ ላምባ እየቀዳ ነበር፤ ላምባው በእጁ ላይ ፈሰሰ። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወንድሜ አይደለም፣ ዘመዴ አይደለም፣ አገሩም አገሬ አይደለም እያለ ለያንዳንዱ ያስረዳ ጀመር። ሰዉ እያዘነ ወጣ። ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶ ነው አሉ የዋሆቹ። ሌሎቹ ግን በረንዳው ላይ ቆመው፣ ሬሳ አጋድሞ ሱቅ ከከፈተ ሰው ከእንግዲህ ክር እንኳ አንገዛም፣ እድሩም ይሰርዘው ተባባሉ። እኔ ስለሱ ሳይሆን ስለራሴ ደነገጥኩ ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን የደነገጥኩት ስለሱ ነው። የዚህ ከተማ ሰው ፊቱን ካዞረ ዕድሜ ልኩን ነው፤ ሙሴ ያኒም ከዚህ ሌላ ከተማ አልነበረውም።

በዚህ መሃል ሌሎቹ ፈረንጆች ተፈልገው መጡ። አንዷ ከስዊድን የመጣች ነርስ ናት፤ ሲስተር እንላታለን፤ ሙሴ ብሩኖን በሕመሙ ጊዜ ያስታመመችው እሷ ነች። ሌላው እንግሊዝኛ የሚያስተምር ገና ጢም ያላበቀለ እንግሊዛዊ ነው። ጣሊያን አገርን አንዳቸውም አያውቁት። የአባቱ ትውልድ ከእነ ብሩኖ ጋር የተዋጋ እንግሊዛዊ፣ ቀብር ላይ ነጭ አበባ በሚያዝበት አገር ያደገች ስዊድናዊት፤ ወስደው ምንጣፉ ላይ አስቀመጧቸው። ሰዉ ሲሰግድላቸው እነሱም መልሰው ይሰግዱ ነበር። ግራዝማች ይትባረክ፣ የእድሩ ዳኛ፣ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጆች ናቸው፣ ትናንት የመጡ ናቸው፣ ታላቅ እያለ ታናሽ ለብቻው ሐዘን አይቀመጥም አሉና ዘንጋቸውን ይዘው ራሳቸው ወደ ሱቁ መጡ።

ግራዝማች በጠላት ጊዜ አርበኛ የነበሩ ሰው ናቸው። አንድ ትከሻቸው ከዚያ ወዲህ ዝቅ እንዳለ ነው የቀረ፤ ኮት ስሰፋላቸው በዚያ በኩል ጨርቅ አጥፌ እሞላዋለሁ። ባንኮኒው ፊት ቆመው ቁጭ በሉ ሲባሉ እምቢ አሉ።

“ሱቅህን ከፍተሃል” አሉት።

“የሥራ ቀን ነው፣ ግራዝማች።”

“ወንድምህ ሞቶ?”

ሙሴ ያኒ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ወንድም እንደነበረው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጣሊያን አገሩን የወረረ ጊዜ እሱና ወንድሙ ዘምተው፣ በረዶ በሞላው ተራራ ላይ ወንድሙ በጥይት ተመትቶ አጠገቡ ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ ነው አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ የመጣው፣ ከዚያም ወደዚህ። ብሩኖን ባየ ቁጥር ያ ተራራ እንደሚመጣበት ነገራቸው። “ወንድሜን የገደሉት የሱ ሰዎች ናቸው” አለ። “ለሱ እንዴት አድርጌ ሐዘን ልቀመጥ?”

ግራዝማች በዘንጋቸው ተደገፉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ “የኔንም ወንድም የገደለው ጣሊያን ነው። ያለ ፍትሐት ዱር ውስጥ ነው የቀበርኩት። ብሩኖ ደግሞ እናቴ የሞተች ለት በዝናብ ጉድጓድ ሲቆፍር ነው የዋለው። ሁለቱም ጣሊያን ናቸው፤ ምን ላርግ? ውደደው አላልኩህም። ምንጣፉ ባዶ ነው፤ ሰው ቆሞ ነው ያለ። ከባሕር ማዶ ከመጣችሁት ታላቁ አንተ ነህ። ና ተቀመጥለት።”

ይህን ብለው መልስ ሳይጠብቁ ወጡ። ሙሴ ያኒ ባንኮኒው ላይ ሁለት እጁን ተክሎ ቆመ። እኔም መኪናዬን መርገጥ ትቼ ጠበቅሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከመደርደሪያው ጥቁሩን ጣቃ አወረደ፣ ጣት የምታህል ቁራጭ ቀደደና ክንዱን ዘርግቶ መጣ፤ የሐዘን ምልክት ነው፣ እጅጌዬ ላይ ስፋልኝ አለ። “ላልቶ ይሁን፤ ማታ የምፈታው ነው።” አላልቼ ሰፋሁለት።

አሁን አሁን የሰፈራችን ድንኳን ላስቲክ ነው፤ ምንጣፉም በተከራየ የላስቲክ ወንበር ተተክቷል። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን ሲነካካ ይውላል፤ ከየት ነህ ብሎ ሰው ሲጠይቅ ደግሞ መልሱ ሳይመጣ የተጠየቀው ሰው ፊት ይለዋወጣል። ሮም የምትኖር የእህቴ ልጅ አለችኝ። እዚያ ስንሄድ ሁላችንም ሐበሻ ነን ትለኛለች፤ እዚህ ሳሉ ሰላም የማይባባሉ ሰዎች እዚያ ሲሞቱ አዋጥተው ይቀባበራሉ። ጣሊያኖቹ ማናችን ከየት እንደሆንን አይለዩም፣ ሌላ ሐበሻ ጎረቤቴ ስትሞት እህቷ መስያቸው ለኔ ነው እንጀራ ያመጡልኝ አለችና ሣቀች፤ እንጀራ ያለችው በዳቦ ፈንታ ለመቀለድ ነው። ሌላው ሰው አንድ ናችሁ ብሎ ሲያምንብህ፣ ስህተቱን ማረም ይቀላል ወይስ እንደ ስህተቱ መሆን? እኔ እስካሁን አላወቅሁትም። ከእነዚያ ብስክሌተኞች የሁለቱ አያቶች ተጋድለው ይሆናል፤ እነሱ ሻይ ቤት ገብተው ከአንድ ሣህን ፈንዲሻ ይዘግናሉ። በምን ቀን፣ በየትኛው ቤት እንደተስማሙ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ እንግሊዝኛዬ እዚያ አይደርስም።

ያን ቀን ሙሴ ያኒ ድንኳኑ ሲገባ ሰዉ መንገድ ከፈተለት። በሲስተርና በእንግሊዛዊው ልጅ መካከል ተቀመጠ። ሲሰግዱለት ይሰግዳል፤ ፊቱ ግን ድንጋይ ነበር፤ ከምንጣፉ ጠርዝ ሌላ ምንም አያይም። አስከሬኑ ከመነሳቱ በፊት እትዬ ዘውዴ ተነሡ። ከደብረ ወርቅ አካባቢ የመጡ አልቃሽ ናቸው፤ እሳቸው ከፊት ሆነው ግጥም ካላወረዱ ለቅሶው ለቅሶ አይባልም። ስለ ወፍጮው አሉ፣ ስለ አካፋው አሉ፣ በባዕድ አገር ስለማረፍ አሉ፤ ሴቱም ቀስ እያለ ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ እንደ ልማዱ የሟቹን እናት ሊጠሩ ፈለጉ፤ የማን ልጅ ነው ሳይባል ሰው አይሸኝም። ግጥማቸውን አቁመው ወደ ሙሴ ያኒ ዞሩና የእናታችሁ ስም ማን ነው አሉት።

ሲስተር ወደ እሱ ተመለከተች። እንግሊዛዊው ልጅ አንገቱን ደፋ።  እዚያ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች አንዱም የብሩኖን እናት አያውቃትም፤ ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ግራዝማች ያውቃሉ። ሙሴ ያኒ አላውቅም ብሎ መነሳት ይችል ነበር። በቃኝ ቢል ማንም አይዘውም።

“እሌኒ” አለ።

እሌኒ! በድንኳኑ ውስጥ ስንት እሌኒ ነበረች። የሴቱ ልቅሶ እንደ አዲስ ተነሣ። እትዬ ዘውዴ ስሟን አነሡት፣ አወረዱት፤ ከባሕር ማዶ ደጃፏ ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን የምታይ እናት አድርገው አለቀሱላት፤ ልጅሽን በወግ ቀብረነዋል፣ አንቺም እረፊ አሏት። ደረት ያልመታ ሴት አልነበረም። ያን ጊዜ ሙሴ ያኒን አየሁት። ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ይርገበገብ ነበር። ሲስተር ክንዱን ያዘችው። ግራዝማች በዘንጋቸው ምልክት ሰጡ፤ አስከሬኑ ተነሣ። ሙሴ ያኒ ፊተኛውን ጫፍ ተሸክሞ እስከ ጽዱ ድረስ ለሰው አላስረከበም። አየህ፣ ወንድም ያው ወንድም ነው፣ ርስቱን ረሳው ተባባለ ሰዉ።

ከቀብር ስንመለስ አብረን ነበር የምንሄደው። ጸሐይዋ ወጥታ አደዩ በየአጥሩ ሥር ፈክቶ ነበር። ዝም ብዬ መሄድ አቃተኝና፣ ሙሴ፣ ከብሩኖ ጋር አንድ ቀን እንኳ ሳትነጋገር የእናቱን ስም ከየት አወቅኸው አልኩት።

“የሱን እናት አላውቅም” አለኝ። “እሌኒ የኔ እናት ናት።”

ጥቂት እንደሄድን ቆመና የቀረውን ነገረኝ። ጦርነቱ ያመጣው ረሃብ ነው የገደላት። በየቤቱ ሰው እየሞተ ስለነበር ከሌሎች ሬሳዎች ጋር በእጅ ጋሪ ጭኖ ራሱ ገፍቶ ነው ያወጣት።

“የሚያለቅስ ሰው አልነበረም፣ ስንሻው። ሰው ሁሉ ተርቦ ለማልቀስ አቅም አልነበረውም። እኔም አላለቀስኩላት። ዛሬ ብሩኖ አስለቀሰላት።”

በማግስቱ ጠዋት መኪናዬን ላወጣ ስመጣ ሱቁ ዝግ ነበር። ሙሴ ያኒን ከግራዝማች ጎን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ እግዚአብሔር ያጥናህ ላለው ሁሉ እየሰገደ አገኘሁት።